ሞተሩ እስኪሞቅ

ካሊና ቁልፉን ታዞራለች። የማስነሻው ሞተሪኖ አንዴ አቃስቶ ዝም ይላል። ደግማ ታዞራለች፤ አሁን ማቃሰቱም የለም፣ ቀጭ የሚል ድምፅ ብቻ። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው። ቅዝቃዜው ከዜሮ በታች ሠላሳ ስምንት ደርሷል።

ከትንሿ ትራክተር ላይ ትወርድና ከሞተሩ ሆድ የሚወጣውን የማሞቂያ ገመድ በእጇ እየተከተለች ወደ መጋዘኑ ግድግዳ ትሄዳለች። ጫፉ መሬት ላይ ነው። ከሶኬቱ ወጥቷል።

እዚህ በረዷማው ሳስካቸዋን ክፍለ ሀገር ውስጥ ጥር ሲገባ መኪናውም ትራክተሩም እንደ ከብት በገመድ ታስሮ ነው የሚያድረው። ማሞቂያው ካልተሰካ የሞተሩ ዘይት እንደ ሙጫ ይረጋል። ይህን ሕፃን ልጅ እንኳ ያውቀዋል። ትናንት ማታ ነፋሱ ሲነሣ ነርሷ ደውላ፣ ነገ በጠዋት ብትደርሱ ጥሩ ነው አለችን። ካሊና ስልኩን ዘግታ መጀመሪያ ያደረገችው ነገር ወጥታ ማሞቂያውን መሰካት ነበር። አባቷ ሮማን፣ የኔ ልጅ፣ ሰባ ኪሎሜትር ርቆ ሆስፒታል ተኝቷል።

የነቀልኩት እኔ ነኝ።

ከመተኛቴ በፊት ሄጄ ገመዱን ብዳስሰው ሞቆ አገኘሁት። በወጣትነቴ የጎረቤታችን በረት ከነጥጆቹ ሲቃጠል የእሳቱ መነሻ እንዲህ ያለ ገመድ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ሬዲዮኑን ሳይቀር ነቅዬ ነው የምተኛው። ሮማን፣ እናቴ ብትደርስባት ፀሐይንም ነቅላ ትተኛ ነበር እያለ ይስቅብኛል። ሌሊት ተነሥቼ እመልሰዋለሁ ብዬ ነበር። ሦስት ሳምንት ሙሉ አልወስደኝ ያለ እንቅልፍ ትናንት ወሰደኝ።

"ባባ፣ በደንብ አልሰካሁትም" ትላለች ካሊና ጫፉን አንሥታ። እኔን አያቷን ባባ ብላ ነው የምትጠራኝ፤ እኔም የራሴን አያት እንደዚያው ነበር የምላት።

አፌን እከፍታለሁ። "አንዳንዴ በብርዱ ራሱ ይወልቃል" እላለሁ። "ይልቅ ጓንትሽን አጥልቂ።"

ትሰካዋለች። በዚህ ብርድ ሁለት ሰዓት ይፈልጋል። አሮጌ ብርድ ልብስ አምጥተን የሞተሩን ክዳን እናለብሰዋለን። የሷ መኪና ከቤቱ ጥግ እኔ ሳልነካት ተሰክታ ስላደረች ትነሣለች፤ ግን ከደጃችን እስከ አውራ ጎዳናው አራት መቶ ሜትር ያህል በረዶ ተከምሯል፣ እስከ ወገብ፤ ያለ ትራክተሩ አይጠረግም። በእግሬ ልሻገረው ትላለች፤ እምቢ እላለሁ። ማዶ ማን ቆሞ ይጠብቃታል? በዚህ ነፋስ የፊት ቆዳ ሳይታወቅ ነው በብርድ የሚሞተው።

ለጎረቤታችን ለማይረን እንደውላለን። ትልቁ ትራክተሩ ቦይ ውስጥ የገባ የጭነት መኪና እየጎተተ ነው፣ ከአራት ሰዓት በፊት አይደርስም። ለዓሣ ማጥመጃ ያዋስኩትን የበረዶ መብሻዬን ሳይመልስልኝ የትም እንዳይሄድ፣ ለሮማን ንገሩልኝ ይላል። ሊያስቀን ነበር። ሳይሰናበት ይዘጋዋል።

ካሊና ወደ ቤት አልገባም አለች። ጓንቷን አውልቃ መዳፏን ሞተሩ ላይ ታሳርፋለች፤ ታነሣለች፤ ደግማ ታሳርፋለች፣ የታመመ ልጅ ግንባር እንደምትዳብስ እናት። ሻርፕ አመጣሁላት፣ አልፈልግም አለች፣ በግድ ጠመጠምኩላት። ልነግራት ነው፣ አሁን ልነግራት ነው እያልኩ ስለ ጆሮዋ አወራለሁ፤ ጆሮሽን ሸፍኚ፣ ብርድ ቶሎ የሚበላው ጆሮን ነው።

ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስልኳ ይጮኻል። ነርሷ ናት። ሮማን መናገር አቁሟል፣ ግን የሚሰማ ይመስለኛል፣ ስልኩን ጆሮው ላይ አደርግለታለሁ ትላለች።

ካሊና ወደ ግድግዳው ዞራ ታጎነብሳለች።

"አባዬ፣ እኔ ነኝ። እየመጣን ነው። ማሞቂያውን በደንብ ሳልሰካው አድሮ ነው፣ የኔ ጥፋት ነው፣ አባዬ። ትንሽ ብቻ ጠብቀኝ።"

እጄን እዘረጋለሁ። ስልኩን ትሰጠኛለች።

ትንፋሹ ይሰማኛል። ይመጣና ይቆማል፤ ቆይቶ ደግሞ ከሩቅ ይመጣል።

"ሮማን፣ እናትህ ነኝ" እላለሁ። "ልጅህ ሰክታው ነበር። ማታ ሄጄ የነቀልኩት እኔ ነኝ፣ ፈርቼ። እሷ ምንም አላጠፋችም። እሷን እንዳትቀየም።"

ካሊና ቀና ትላለች። አትዞርም።

አንድ ትንፋሽ መጣ። ቀጣዩን ጠበቅሁ። ስልኩን ጆሮዬ ውስጥ እስኪገባ ድረስ ጫንኩት። ከዚያ የመጣው የነርሷ ድምፅ ነው፤ ቀስ ብላ በስሜ ጠራችኝ።

ሦስት ሰዓት ሲሆን ትራክተሩ በመጀመሪያው የቁልፍ ዙር ይነሣል። ካሊና የፊት አካፋውን ዝቅ አድርጋ ትወጣለች። በረዶውን እየገፋች እስከ ጎዳናው፣ ከዚያ ወደ ቤት፣ ደግሞ እስከ ጎዳናው። ማንም አልጠራኝም፤ ደጃፉ ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ።

መኪናዋን አምጥታ ከፊቴ ታቆማለች። የኋላውን በር ልከፍት ስል የፊተኛውን ከውስጥ ገፋ አድርጋ ትከፍትልኛለች። እገባለሁ። ጣቶቼ አይታዘዙኝም። ተንጠራርታ የወንበሩን ቀበቶ በደረቴ ላይ አሳልፋ ትቆልፍልኛለች። ፊቴን አታይም። እንደያዘ ለማረጋገጥ ሁለቴ ጎተት ታደርገዋለች።