ከሳጥኑ ወዲህ

ኸድር ቤት ስልክ የገባ ዕለት ሚስቱ ሰውዳ ለጎረቤቱ ሁሉ ተምር አደለች። በዚያ የሱዳን ገዳሪፍ ሰፈር ሁለተኛው ስልክ ነበር። በአምስተኛው ወር ግን ከነሽቦው ገደል ብትከተው ደስ ባላት።

ነገሩ የጀመረው በአንዲት ሴት ድምፅ ነው። ለስለስ ያለ፣ ዓረብኛው የከሰላ ሰው የሚመስል፣ ወጣት ድምፅ። ሰውዳ ስታነሳ «ኸድር አለ?» ይላል። የለም ካሉት ይዘጋል። ኸድር ሲያነሳ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ያንሾካሹካል።

«ማን ናት?» አለችው።

«ሰሀር ትባላለች። የሰሊጥ ነጋዴ ናት።»

ለሰሊጥ ማን ያንሾካሹካል?

ሰውዳ ከኸድር በቀር ሰው የላትም። በሰባ ሰባቱ ረሃብ ድንበሩን ስትሻገር፣ ገና በስምንት ዓመቷ፣ በሕዝቡ ትርምስ እናቷን አጣች። ካደገች በኋላ «እናትሽ ሾዋክ ከተማ ታየች» ሲሏት ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለቱንም ጊዜ ባዶ እጇን ተመለሰች፤ ወር ሙሉ ከአልጋ አልወረደችም። ከዚያ ወዲያ የእናቷን ነገር እንዳያነሳባት ኸድርን በቁርኣን አስምላዋለች። እንዲህ ያለች ሴት ያላትን አንድ ሰው ለሌላ አታካፍልም።

ኸድር ግቢው ጥግ ላይ አንዲት ክፍል ያሠራ ጀመር። «ለዕቃ ነው» አለ። ለዕቃ ግን አዲስ የገመድ አልጋ አይገዛም። ከጆንያዎቹ መሃል ደግሞ ያልተለበሰ ነጭ ቶብ፣ የሱዳን ሴቶች የሚጠቀለሉበት ረጅም ጨርቅ፣ ተጣጥፎ አገኘች።

«አልጋ ገዝቶ ዝም ያለ ወንድ ሙሽራው መንገድ ላይ ናት» አለቻት ጎረቤቷ ራዲያ።

አንድ ቀን ምሳ ሲበሉ ኸድር ከጆሮዋ ሥር ያለውን የእሳት ጠባሳ ትኩር ብሎ አየው።

«ይሄ በስንት ዓመትሽ ነው?»

ስድስት ዓመት አብሯት ሲኖር ያልታየው እንከኗ ዛሬ ታየው! ጉርሻዋን ትሪው ላይ ጥላ ተነሳች።

እሑድ ጧት ስልኩ ላይ ተጎንብሶ ሲናገር ሰማችው። «ትንሽ ታገሺኝ። ለሰውዳ እርግጡን ሳላውቅ አልነግራትም። ከዚያ መጥቼ አመጣታለሁ።»

ሱቅ እንደሄደላት መቀስ አነሳች። ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ያለውን ሽቦ ቀጭ አደረገችው።

ማክሰኞ ከስልክ መሥሪያ ቤት ጣሃ የሚባል ሠራተኛ መጣ። ከውጭ ግድግዳው ላይ ያለችውን ትንሽ ሳጥን ከፍቶ ሞከረ።

«እስከዚህ ሳጥን የኛ ነው፤ ይሠራል። ከሳጥኑ ወዲህ ያለው ሽቦ የባለቤቱ ነው። ብልሽቱ ቤታችሁ ውስጥ ነው።»

«ወንድሜ፣ ስለ አላህ ገብተህ እየው። የምጠብቀው ወሬ አለ» አለው ኸድር።

«ደንቡ አይፈቅድልኝም። ራሳችሁ ፈልጉት። የተቆረጠ ካለ ሁለቱን ጫፍ ልጣችሁ ማጋጠም ነው።»

ጣሃ ሄደ። ኸድር በአራቱ ግድግዳ በጉልበቱ እየዳኸ ሽቦውን ዳሰሰ። ሰውዳ ቁም ሳጥኑን ተደግፋ ቆማ አየችው። ለእሷ እንዲህ ድኾላት ያውቃል? ከቆመችበት ንቅንቅ አላለችም።

ረቡዕ ጧት «ከሰላ ደርሼ እመጣለሁ» አላት። ነጩን ቶብ በብብቱ ሸጉጧል። ሰላምታውንም አልመለሰችለትም።

አውቶቡሱ ከተማውን ሳይለቅ ቁም ሳጥኑን ጎተተችው። የሽቦውን ጫፎች በጥርሷ ላጠች፣ ጠምዝዛም አጋጠመቻቸው። ያቺ ሴት አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከራሷ ከሰውዳ አፍ መስማት አለባት።

ብዙም አልጠበቀች። ስልኩ ጮኸ።

«ኸድር አለ?»

«የለም! ወዳንቺው በሯል! የሰው ትዳር የምታፈርሺ፣ ዓይንሽን ያፈጠጥሽ! እኔ ሰውዳ በሕይወት እያለሁ እዚያ አልጋ ላይ ጎንሽ አያርፍም!»



«ሰውዳ አንቺ ነሽ? እኔ ሰሀር ነኝ፣ የከሰላ ሐኪም ቤት ነርስ፤ ሦስት ቀን ሙሉ ስደውል የሚያነሳ አጣሁ። በይ ቶሎ ድረሺ እህቴ፣ እናትሽን አንቺ ሳትመጪ አንቀብራትም።»