መንታ እህቴ ያን ቀን ለምን ጮኸች?

ይህን ጥያቄ ለዓመታት በሆዴ ይዤው ኖሬያለሁ...

"ወይኔ ሆዴን! ሞትኩ!"

የድንገተኛ ክፍሉ ሰው ሁሉ ዞረ።

ጯሂዋ መንታዬ ናት። ያኔ ገና የሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ነን። ሰፈሩ እሷን "ሬዲዮ" ይላታል፤ እኔን ደግሞ "ባትሪው ያለቀው"።

እኔ የእማዬ ቀሚስ ላይ ተለጥፌያለሁ... ዝም።

ሐኪሟ የእህቴን ሆድ ነካ ነካ አደረገች።

"እዚህ ጋ ያምሻል?"

"አዎ!"

"ክርንሽስ?"

"እሱም!"

ሐኪሟ ሳቋን ዋጠች። "ለማንኛውም ደሟን እንየው። ትርፍ አንጀት ከሆነ ደም ውስጥ ምልክት ሊኖር ይችላል።"

እህቴ መርፌውን ስታይ እጇን ደበቀች።

"እሷም ካልተወጋች አልወጋም!"

"አንቺ ታላቅ አይደለሽ? እስቲ አሳያት" አለችኝ እማዬ።

በደቂቃዎች ለምበልጣት! ያቺን ታላቅነት ረገምኳት...

የሁለታችንም ደም ተወሰደ።

ውጤቱ ሲመጣ የሐኪሟ ፊት ተለዋወጠ።

"የጯሂዋ ደህና ነው። የዝምተኛዋ ግን... ነጭ የደም ሴሏም፣ ሰውነት ሲቆጣ የሚጨምረው ፕሮቲንም ጣሪያ ነክቷል።"

"ተቀያይሮ ይሆናላ! እኔ እናታቸው እንኳን እሳሳታለሁ" አለች እማዬ።

ሐኪሟ መጥታ የሆዴን ታችኛውን ቀኝ ጎን ጫን አድርጋ ለቀቀችው።

አልጮህኩም... እንባዬ ግን ዱብ ዱብ አለ።

አልትራሳውንዱም ያንኑ አሳየ። ትርፍ አንጀቴ ሳይፈነዳ ተደረሰልኝ!

ከሰመመን ስነቃ እማዬ አንዴ እኔን፣ አንዴ ሐኪሟን ትስማለች።

ባለፈው ሳምንት እህቴን እንደምንም ደፍሬ ጠየቅኳት።

"ሳያምሽ ለምን ጮህሽ?"

"ጠዋት አልጋ ውስጥ ሆድሽን ይዘሽ ተጣጥፈሽ አገኘሁሽ። መርፌ ፈርተሽ 'እማዬ ትሙት፣ ለማንም አልናገርም በይ' ብለሽ አስማልሽኝ።"

ትኩሳቱ ነው መሰለኝ፣ መሐላውን ጭራሽ አላስታውሰውም...

"እና?"

"እንዳልናገር እንጂ እንዳልጮህ አላስማልሽኝማ! ሆስፒታል ከደረስን አንቺንም ያዩሻል ብዬ ነው።"

"መርፌውስ?"

"እሱንማ የምሬን ፈርቼ ነው!"

"እስከዛሬ ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?"

"መች ጠየቅሽኝ?"

ወዳጆቼ... የጮኸ ሁሉ ለራሱ አይጮህም፤ ዝም ያለ ሁሉም ጤነኛ አይደለም። ልጅ ሕመሙን ሊደብቅ ይችላል፤ አንዳንዴ ደሙ ያሳብቅበታል።

እኔም ወሰንኩ። ለሁለተኛ ዲግሪዬ የማጠናው ይህንኑ ነው፤ የልጆች ትርፍ አንጀት ከመፈንዳቱ በፊት ደማቸው ላይ የሚታየውን ምልክት። ርዕሱን ዛሬ አስገባሁ!

እናንተስ... ዝም ባላችሁ ጊዜ የጮኸላችሁ ማን ነው?