ግራ ምሰሶ

«ግፋ እንጂ ማለኪ! ዕድሜ ልክህን ወደ ኋላ ስትሄድ ኖረህ፣ ዛሬ እንኳ ወደ ፊት ሂድ!» አለው ከኋላው የቆመው ሰውዬ። የጠባቡ ኮሪደር ግድግዳ ሁለቱንም ትከሻውን ይዞታል። ወረፋው ውስጥ ያሉት የድሮ ራግቢ ተጫዋቾች ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑ። ማለኪም ሊስቅ ሞከረ።

ወረፋው የሚያበቃው ሳሎን ውስጥ ነው። ዶናካ ሃነን ክፍት የሬሳ ሣጥን ውስጥ ተጋድሟል። ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነበር፤ ባለፈው ሳምንት ልቡ ቀጥ አለ። ገና በወጣትነቱ አንገቱ ከተሰበረ ወዲህ ሰው ሲጠራው ፊቱን ብቻ ማዞር ስለማይችል መላ ሰውነቱን ነበር የሚያዞረው ይላሉ። ማለኪ አላየም። እዚሁ ሊመሪክ፣ ከዚህ ቤት ሁለት መንገድ አልፎ አሥራ አምስት ዓመት ሲኖር አንድ ቀን ይህን በር አላንኳኳም።

ከሣጥኑ ራስጌ እናትየው ወይዘሮ ኑአላ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ከፈዘዘ ቆይቷል። ማለኪ እጃቸውን ጨብጦ ሊያልፍ ሲል አልለቅህም አሉ።

«ይሄ የራግቢ እጅ ነው። እስቲ ጎንበስ በል።»

ጎነበሰ። ግራ ጆሮውን ዳበሱት፤ ደህና ነው። ቀኙን ዳበሱት፤ እንደታኘከ ማስቲካ ተጨማዷል።

«አንዱ ብቻ። በግፊያው የፊት ረድፍ ግራ ምሰሶ ነበርክ» አሉ። «የኔው ቀኝ ምሰሶ ነበር። ጭንቅላቱን ሁለት ሰው መሃል ስለሚሰካ ሁለቱም ጆሮው አልቋል። ስምንት ለስምንት ሆናችሁ ስትገፋፉ ፊት ለፊት የሚገጥመው እንዳንተ ያለው ነው። አይደል?»

«ልክ ነዎት፣ እማማ።»

ልጃቸው ኦርላ ሻይ ልታመጣ ጓዳ ገብታለች። ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«እንግዲያው አንተን ልጠይቅህ። አንገቱ የተሰበረ ቀን ጠዋት ረፍዶበት ነበር። የታኬታውን ጥርሶች የገጠምኩለት እኔ ነኝ። ረጃጅሞቹን ፈልጌ ሳጣ አጫጭሮቹን ገጠምኩለት። ዝናብ ነበር። ሆስፒታል ተኝቶ ‹አዳለጠኝ› አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም። እኔም እኔ ነኝ ጥርሶቹን የቀየርኩት ብዬ አልነገርኩትም። ለማንም አልነገርኩም። አንተ ነገሩን ታውቀዋለህ። ጫማው ነው?»

ያን ቀን ልምምድ ነበር። ዳኛ የለ፣ ካሜራ የለ። አሰልጣኙ ከወጣቶቹ ለማን ውል እንደሚሰጥ ሊወስን ዳር ቆሞ ያያል። ዶናካ ማለኪን ሦስት ጊዜ ወደ ኋላ ነዳው። በአራተኛው ማለኪ ማሊያውን ጨምድዶ ወደ መሬት ጎተተው፤ የሌሎቹ ክብደት ሁሉ ከላይ መጣ። ዶናካ «አዳለጠኝ» ሲል ማለኪ አልጋው ግርጌ ነበር። የተናገረው ዓይን ዓይኑን እያየ ነው። ማለኪ ውሉን በዚያው ሳምንት ፈረመ። አሥራ አንድ ዓመት ተጫወተ፣ አረንጓዴውን የአየርላንድ ማሊያ ዘጠኝ ጊዜ ለበሰ።

«ጫማው አይደለም» አለ። «ሜዳው ጭቃ ስለነበረ ነው።»

«በዚያው ጭቃ ላይ ሌላ አሥራ አምስት ሰው ሳያዳልጠው ቆሞ ነበር፣ አንተ ልጅ።»

«ኧረ ሳንድዊቹ አለቀ!» አለ ከኮሪደሩ አንዱ በሹክሹክታ።

ማለኪ ጉልበቱ ምንጣፉን ሲነካ ተሰማው። መቼ እንደተንበረከከ አያውቅም።

«አላዳለጠውም። ይበልጠኝ ነበር፤ እየገፋኝ ነበር። እኔ ነኝ የጎተትኩት።»

ወይዘሮ ኑአላ ወደ ድምፁ ጎንበስ አሉ።

«ስምህ ማነው?»

«ማለኪ ኮንሲዳይን።»

«ማለኪ ኮንሲዳይን» አሉ ቀስ ብለው። «ጨዋታህ በሬዲዮ ሲተላለፍ ‹እማ፣ ድምፁን ጨምሪው› ይለኝ ነበር። ስምህ ሲጠራ ሁላችንንም ዝም ያሰኘን ነበር። ጓደኛው ነው ብዬ ነበር እኔማ። ታዲያ ምነው አንድ ቀን አይመጣም እያልኩ።»

ማለኪ ሣጥኑን ተደግፎ ተነሳ። ወደ በሩ ዞረ።

«ኦርላ! ወንበር አምጪለት። እዚህ፣ አጠገቤ።»

«እማማ፣ ልሂድ። ይሄ የቤተሰብ ቦታ ነው፤ እዚህ መቀመጥ አይገባኝም።»

«አይገባህም» አሉ። «ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። ወንበሩ ከሥሩ ሲጢጥ አለ። ኮሪደሩ ላይ ያሾፈበት ሰውዬ የእናትየውን እጅ ጨበጠና ቀጥሎ ማለኪን ሲያይ ግር አለው፤ ደንብ ነውና ግን ለሱም እጁን ዘረጋለት።

ቀጥሎ እርጥብ ካፖርት የለበሱ አሮጊት መጡ። የማለኪን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«እግዜር ያጽናህ ልጄ። ወንድሙ ነህ?»

ማለኪ ወደ ወይዘሮ ኑአላ ዞረ። እሳቸው የሚቀጥለውን ሰው እጅ ይዘዋል። አላገዙትም።

ወረፋው በተከፈተው በር አልፎ እስከ መንገዱ መታጠፊያ ይታያል። ሰዎቹ ወደ ደጃፉ በቀረቡ ቁጥር፣ አንድ በአንድ፣ ጓንታቸውን ያወልቃሉ።