ባለቤት

ወይዘሮ ስንዱ አፍንጫቸውን በነጠላቸው ጫፍ ሸፍነው የቤታቸውን የውጭ ግድግዳ ይላጫሉ። ትናንት ሙልጭ ያደረጉት ጢም ዛሬ ተመልሶ ችምችም ብሏል።

ጠዋት በረዶ፣ ቀትር ላይ ቃጠሎ፣ ማታ ውርጭ በሆነበት በዚህ ዘመን ቆርቆሮው ተበሳስቷል፤ ሲሚንቶውም ተሰነጣጥቋል። ለቤት ልብስነት የቀረው ከአንድ ሰው ጸጉር ተወስዶ የሚበቅለው፣ ሲቆስል ራሱን የሚያድነው ቆዳ ብቻ ነው።

«እትዬ ስንዱ፣ እኔም ቤቴን ቆዳ ላለብሰው አስቤ ነበር» አለች ጎረቤታቸው ሐመልማል። «ይጠነክራል?»

«መጠንከሩንስ ይጠነክራል። ሽታው ነው እንጂ የማይቻለው! ቆዳውን ያለበሱት ሠራተኞች ‹የባለቤት ጸጉር ይስጡን› ሲሉኝ፣ ባሌን ያሉ መስሎኝ የዚያን የሟቹን የዘውገን ማበጠሪያ ከነጸጉሩ ሰጠኋቸው። ለካ የቤቱን ባለቤት፣ እኔን ኖሯል! ቀብሬው ተገላገልኩ ስል ይኸው ላቡን እጠርጋለሁ።»

ሐመልማል ሳቋን ዋጥ አድርጋ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳረፈች። ቆዳው ወዲያው ሞቀ፤ ጸጉሩ ቆመ፤ ከመስኮቱ እስከ በሩ ድረስ በላብ ተጠመቀ። ጮኻ እጇን መነጨቀች።

«እትፍ!» ወይዘሮ ስንዱ ግድግዳው ላይ ተፉበት። «አየሽው? የሴት እጅ ሲነካው ድሮም እንዲህ ነበር። አፈር በልቶትም አመሉ አልለቀቀው!»

ላቡ ወደ እግራቸው ሲንጠባጠብ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወደ ኋላ አፈገፈጉ።

«ስሚ ልጄ» አሏት፤ «አንቺስ ‹የባለቤት ጸጉር› ሲሉሽ፣ የራስሽን ስጪ።»