ሰማያዊው ለእንግዳ

አርባ ምንጭ፣ ሲቀላ ሰፈር፣ በአቶ ካሱና በአቶ ኦይታ ግቢ መካከል አንድ የማንጎ ዛፍ አለ። በ2006 ዓ.ም. ክረምት ሊቆረጥ ምንም አልቀረውም ነበር።

አቶ ካሱ በቦታው ላይ ለተማሪ የሚከራዩ ሁለት ክፍሎች ሊሠሩ አሰቡ። አቶ ኦይታ ደግሞ፣ ዛፉን የተከለችው ሟች ባለቤቴ አመለወርቅ ናት፣ ሲቆረጥ ቆሜ አላይም አሉ። ሽማግሌዎች ሦስት ጊዜ ተቀምጠው ሦስት ጊዜ ሳይስማሙ ተነሡ። ግንዱ ወደ አንዱ ግቢ፣ ጥላው ወደ ሌላው ያደላል፤ ለመፍረድ አይመችም።

የአቶ ካሱ ባለቤት ወይዘሮ ልክነሽ በክርክሩ አልገቡም። በየጠዋቱ የረገፈውን ቅጠል እየጠረጉ፣ ወገቤ ወገቤ ይላሉ። ድሮ ከአመለወርቅ ጋር እዚያው ጥላ ሥር ጥጥ ይፈትሉ ነበር። መፍተል ካቆሙ ግን ዓመታት አልፈዋል።

መላውን ያመጡት እሳቸው ናቸው።

በግቢያቸው አንድ ህንዳዊ የዩኒቨርሲቲ መምህር ተከራይተው ይኖራሉ፤ ሰፈሩ ዶክተሩ ይላቸዋል። ትልቅ ቴሌቪዥንና ጌም አላቸው። የሚጫወቱት እንደ ከተማው ልጆች እግር ኳስ ሳይሆን ክሪኬት የሚባለውን ያገራቸውን ጨዋታ ነው። አንዱ ኳስ ይወረውራል፤ ሌላው በጠፍጣፋ ዱላ ይመታል፤ ከኋላው የተተከሉት ሦስት እንጨቶች ከወደቁ መቺው ይወጣል። አቶ ካሱና አቶ ኦይታ ሳይጣሉ በፊት፣ ከሰዓት በኋላ እየገቡ ከዶክተሩ ጋር ይጫወቱ ነበር። ጌሙ እውነተኛ ይመስላል፤ ሣሩ፣ የሕዝቡ ጩኸት፣ የተጫዋቾቹ ጢም ሳይቀር። ሁለቱም እኔ እበልጣለሁ ባይ ነበሩ።

ዶክተሩ ለእረፍት አገራቸው ሲሄዱ ቁልፉን ለወይዘሮ ልክነሽ ሰጡ፤ ቤቱን እንዲያናፍሱ፣ ሲደብራቸውም ቴሌቪዥን እንዲያዩ።

"ሽማግሌ ካቃተው በጌሙ ይለይላችሁ" አሉ ወይዘሮ ልክነሽ አንድ ቀን። "አንተ ካሸነፍክ ዛፉ ይቆረጥ፤ ጋሽ ኦይታ ካሸነፉ ይቁም።"

ሁለቱም ሳቁ። ቀጥለው፣ ፈራ እንዳይባሉ፣ ሁለቱም እሺ አሉ። ለዳኝነት ጡረተኛው የቀበሌ ጸሐፊ አቶ አለምሰገድ ተጠሩ።

የዚያን እሑድ ጠዋት የወይዘሮ ልክነሽ ሬዲዮ እስከ አቶ ኦይታ ግቢ ይሰማ ነበር። ጆሮ ካልተለጠፈበት ድምፁ የማይሰማ ከሆነ ወራት አልፈውት ነበር። ከምሳ በኋላ ወንዶቹ ሲገቡ ጌሙ ተከፍቶ፣ ቢጫ የለበሰውና ሰማያዊ የለበሰው ቡድን ሜዳ ላይ ቆመው ጠበቋቸው።

አቶ ካሱ ሰማያዊው የኔ ነው ሊሉ አፋቸውን ሲከፍቱ ባለቤታቸው ወደ ጆሯቸው ጠጋ አሉ።

"ሰማያዊው ለእንግዳ ይሁን። ነውር ነው።"

አቶ ካሱ ቢጫውን ወሰዱ። ጌሙን የሚያዙበትን ገመድ የሌለውን ጆይስቲክ ሲያነሡ ቀለላቸው። ጉልበቴ ተመልሷል ብለው ደስ አላቸው።

"ዛሬ ደግሞ ላባቸው ሁሉ ይታያል" አሉ ቴሌቪዥኑን ትኩር ብለው እያዩ።

"መነጽርህን ስለጠረግሁልህ ነዋ" አሉ ወይዘሮ ልክነሽ። ጥግ ላይ ተቀምጠው እንዝርታቸውን አወጡ።

መጀመሪያ የመታው ቢጫው ነበር። አቶ ካሱ አውራ ጣታቸው እስኪቀላ ተጫኑ። አቶ አለምሰገድ በደብተራቸው ሁለት መቶ ሠላሳ አንድ ነጥብ ጻፉ። ከዚያ የሰማያዊው ተራ ደረሰ።

አቶ ኦይታ ጆይስቲካቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው መሐረብ ሲፈልጉ፣ ሰማያዊው ሰው ኳሷን ከሜዳው አሻግሮ ላካት። ስድስት ነጥብ።

አቶ ካሱ ከወንበራቸው ተነሡ።

"እጁ አልነካውም። አለምሰገድ፣ ይህ ሰው እያታለለ ነው።"

"እኔም አልገባኝም" አሉ አቶ ኦይታ። "ልጁ ራሱ ጎበዝ ነው።"

አቶ አለምሰገድ የአቶ ኦይታን እጅጌ ዳሰሱ፣ ኪሳቸውን አስገለበጡ። መሐረቡና የቤት ቁልፍ ብቻ ወጣ። ቢሆንም ከዚያ ወዲያ ሁለት እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አድርገው እንዲጫወቱ ታዘዙ። ሰማያዊው ግን መምታቱን አልተወም። አንድ ጊዜ ወይዘሮ ልክነሽ ከጥግ "ውይ" አሉ፤ ኳሷ ተወረወረች፤ ሦስቱ እንጨቶች ወደቁ። አቶ ካሱ ባለቤታቸው ለእሳቸው የደነገጡ መስሏቸው፣ ገና ነው፣ አይዞሽ አሉ።

አንድ ኳስ ቀረ። ሰማያዊው ለማሸነፍ አራት ነጥብ ይፈልጋል። አቶ ኦይታ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ የሚጫኑትንም የሚያውቁ አይመስሉም። ኳሷ በሣሩ ላይ እየተንከባለለች ሊይዟት ከሚሮጡ ሁለት ቢጫዎች መሐል አምልጣ የሜዳውን ዳር መስመር ነካች፤ አራት ነጥብ። በሜዳው ያለው ሕዝብ ብድግ አለ። አቶ ኦይታ ዓይናቸውን ሲገልጡ ጉንጫቸው ረጥቦ ነበር።

አቶ ካሱ ቃላቸውን የሚበሉ ሰው አይደሉም። ለዛፉ የተዋሱትን መጥረቢያ ለባለቤቱ መለሱ። ነገር ግን ጫሞ ዳር ዓሣ ሲገዙም፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲቆሙም፣ ኦይታ በመስኮት እየገባ ሲለማመድ ኖሯል ማለታቸውን አልተዉም። ስለ ክሪኬት የሚገባው ሌላ ሰው በሰፈሩ ስለሌለ፣ ክርክሩን ከራሳቸው ከአቶ ኦይታ ጋር ማንጎው ሥር ተቀምጠው ይቀጥሉታል።

መስከረም ላይ ዶክተሩ ተመለሱ። ሻንጣቸውን ከፍተው የጌሙን ዲስክ አወጡና፣ የወንድማቸው ልጆች ክረምቱን ሙሉ ሲጫወቱበት እንደከረሙ ለወይዘሮ ልክነሽ እየሳቁ ነገሯቸው። ሊከቱት የጌሙን ማሽን ሲከፍቱ ውስጡ ሌላ ዲስክ አገኙ፤ ወንድማቸው አምና ከቴሌቪዥን የቀዳላቸው ግጥሚያ ነበር።

"እማማ፣ ይህን ከእኔ ጋር ሦስት ጊዜ አይተውታል። አልሰለቸዎትም?"

ወይዘሮ ልክነሽ የአቶ ካሱና የአቶ ኦይታ ክርክር ከዛፉ ሥር ገና እንዳላለቀ ካዳመጡ በኋላ፣ የሬዲዮናቸውን ጀርባ ከፍተው አራቱን ትንንሽ የጆይስቲክ ባትሪ ድንጋዮች በዶክተሩ መዳፍ ላይ አስቀመጡ።