ከጀርባዬ ያለው ምርኩዝ

ምርኩዜን ከጀርባዬ ደብቄ መንገድ ዳር ቀጥ ብዬ ቆሜያለሁ። ነጠላዬን ሰፋ አድርጌ ስለለበስኩ ከፊት ለሚያየኝ ሰው ምንም አይታይም። በአንድ እጄ ምርኩዙን፣ በሌላው አቮካዶ የሞላ ፌስታል ስለያዝኩ ባጃጆቹን የምጠራው በአገጬ ነው።

መደበቁን የተማርኩት ተቸግሬ ነው። ዳሌዬ ከተሰበረ ወዲህ ምርኩዝ ይዤ ቆሜ ስንት ባጃጅ አለፈኝ። እኔ አንድ እግሬን እስካነሳ ድረስ ሌላው ባጃጅ ሦስት ሰው ጭኖ ይሄዳል፤ ሂሳቡ ይገባኛል፣ ግን ያናድደኛል። ልጄ ኪሩቤልም «እሁድ አደርስሻለሁ» ካለኝ ይኸው ሰባት ወሩ።

የምሄደው መርካቶ ሰፈር፣ የድሮ ጓደኛዬ ዛራ ዘንድ ነው። እኔ ማዘጋጃ ቤት ታይፒስት፣ እሷ ከባሏ ጋር ጨርቅ ነጋዴ በነበርንበት ጊዜ ሁሉ ሳንገናኝ ያለፈ ሳምንት የለም። ስልክ አለ አትበሉኝ። ጆሮዋ ደክሟል፤ ፈጠነች ነኝ፣ ወድቄ ተሰበርኩ ብዬ ስጮህባት «አልሐምዱሊላህ» ብላኛለች። እሷ ሰማንያ፣ እኔ ሰባ ስምንት ሞልቶናል። ሳንተያይ እንዳንቀር እፈራለሁ፤ ስለዚህ ዛሬ የመጣው ይምጣ ብዬ ወጥቻለሁ።

አንድ ባዶ ባጃጅ ይቆማል።

«ግቢ እህቴ፣ ወዴት ነሽ?»

እህቴ መባሌ ደስ ብሎኝ ምርኩዜን ብቅ አደርጋለሁ። ሹፌሩ ምርኩዙን ያያል፣ እኔን ያያል፣ ከዚያ መሪው ላይ ተደፍቶ ይስቃል። ወርዶ ደግፎ ያስገባኛል። ቦልቴ ይባላል። ገሱባ ከተማ ያለችው እናቱም እንዲሁ መንገድ ዳር ቆማ እንደምትውል፣ ይሄንን ዘዴ ዛሬውኑ ደውሎ እንደሚነግራት እየሳቀ ያጫውተኛል።

ቁልቁለቱን ስንወርድ ከመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት አያለሁ። ሰፊ ጥቁር ሂጃብ ለብሳ፣ ቀጥ ብላ ቆማ ባጃጆቹን በአገጯ ትጠራለች። አንድ እጇ አይታይም። ሳቄ ያመልጠኛል።

«አዙርና ቁምላት» እለዋለሁ። «ያቺ ሴትዮ ከጀርባዋ ምርኩዝ አላት።»

ቦልቴ በምን እንዳወቅኩ ይጠይቀኛል። የሙያ ጓደኛዬ ናት እለዋለሁ። አዙሮ ሲጠጋት ግን ፊቷ ይለይልኛል።

ዛራ ናት።

ምርኩዟን ከሂጃቧ ስር አውጥታ፣ በቦልቴ ክንድ ተደግፋ ቀስ ብላ ትገባለች። ዓይኗ እግሯ ላይ ስለሆነ ወደ እኔ አላየችም። የቴምር ፌስታሏን ጭኗ ላይ አስቀምጣ፣ ጆሮው እንደማይሰማ ሰው ጮክ ብላ ለሹፌሩ አድራሻ ትነግረዋለች።

«ከጤና ጣቢያው በላይ፣ አቮካዶ ዛፍ ያለበት ግቢ አድርሰኝ። ጓደኛዬ ፈጠነች ወድቃ ኖሯል፤ እኔ የሰማሁት ትናንት ነው።»

የእኔ ግቢ ነው።

«ቤቷ የለችም» እላታለሁ። አልሰማችኝም። ምርኩዜን አንስቼ ምርኩዟን ኳ ሳደርገው ዝቅ ብላ ታያለች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና ትላለች።

ጭንቅላቴን በሁለት እጇ ይዛ አንዴ ግራ አንዴ ቀኝ ጉንጬን ትስመኛለች፤ እኔም እስማታለሁ፤ ማን እንደሚያለቅስ ማን እንደሚስቅ አይለይም። ፌስታሎቻችን ተገልብጠው አቮካዶዬና ቴምሯ ባጃጁ ወለል ላይ ተቀላቅለዋል።

ቦልቴ ታዲያ ወደ የትኛው ቤት ልንዳ ብሎ ይጠይቃል። እሷ አልሰማችውም፤ እኔ ሰምቼ እንደገና እስማታለሁ። ሁለቱ ምርኩዞች በጉልበቶቻችን መሀል ጎን ለጎን ቆመዋል። መንገድ የዘጋንባቸው ባጃጆች ከኋላችን ተሰልፈው ክላክሳቸውን ያስጮሃሉ።

ይጠብቁ።