የነጃት ልጅ

ባሏ ጽንፈኛ ታጣቂዎችን ሊቀላቀል ሶሪያ ድረስ ያመጣት ሴት፣ እሱ ከተገደለ ወዲህ የተዋጊ ቤተሰቦች በታጎሩበት የድንኳን ሰፈር ነው የምትኖረው። ዛሬ የአገሯ መንግሥት የላከው ሰው መጣ።

«የምንወስደው እናትም አባትም የሌላቸውን ሕፃናት ብቻ ነው» አለ፣ በደከመ ድምፅ። «አዋቂ አይመለስም።»

ሴትዮዋ የአራት ዓመት ልጅ ወደ ፊት ገፋ አደረገች።

«ይቺን ይውሰዷት። እናቷ ነጃት ጎረቤቴ ነበረች፤ ታማ ሞተች፤ አባቷም ተገድሏል። ያሳደግኳት እኔ ነኝ።»

«ዘመድ አላት?»

«አያቷ አገር ቤት አሉ።»

ሰውየው ልጅቷን አቅፎ መኪናው ውስጥ አስቀመጣት። ሞተሩ ሲነሳ ልጅቷ በመስኮቱ ጮኸች።

«እማዬ፣ ነይ እንጂ! አልሞትሽም እኮ!»

ሰውየው ዞሮ ሴትዮዋን አያት። ቀና አላለችም።

«ሕፃን ልጅ ያያትን ሴት ሁሉ እማዬ ይላል» አለና ሾፌሩን «ንዳው» አለው።